ስለ አሮጌ የስፖርት አውቶሞቢልና ስለ መለዋወጫው ዋጋ

የቤት ገንዘብ ከሚወጣባቸው በሮች አንዱ ያገለገለ የስፖርት አውቶሞቢል ነው። አባወራው ሲገዛው «ነገ አትርፈን እንሸጠዋለን» ይላል፤ እመቤቲቱም ባታምንበት እንኳ ዝም ትላለች። የዛሬው ጽሑፋችን ለሁለቱም ነው።

ለምሳሌ ያህል ፖርሽ 911 የተባለውን የጀርመን አውቶሞቢል እናንሣ። ይህ መኪና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. በፍራንክፉርት ከተማ 901 ተብሎ ለሕዝብ ታየ፤ ነገር ግን የፈረንሳዩ ፔዦ በመካከሉ ዜሮ ያለበት የሦስት አኃዝ ስም የእኔ ነው ብሎ ስለ ተቃወመ 911 ተባለ። እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስም በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያለው ሆኖ ተሠራ።

እንዲህ ያለውን መኪና የሚሻ ገዢ አስቀድሞ የሚመረምረው የሞተሩና የካምቢዮው ቍጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋራ መስማማቱን ነው። ቀጥሎም ቸርኬውን፤ መሪውን፤ ማርሚታውን ያያል። ሌላ ሠሪ ያወጣው ማርሚታ ምናልባት ለጆሮ ይጥም ይሆናል፤ ዋጋውም ከፋብሪካው ዕቃ ይረክሳል፤ በሽያጭ ቀን ግን ገዢው ስለ እርሱ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ ብልህ ባለ መኪና ያወለቀውን የፋብሪካ ዕቃ በሣጥን አድርጎ ያስቀምጣል።

በእርሱ እግር የተተካውና በውሃ የሚቀዘቅዘው 996 የተባለው ዐይነት ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። በሞተሩ ውስጥ መካከለኛውን ዘንግ የሚሸከም አንድ ኩሽኔታ አለ፤ የሚሰበረው በጥቂቶቹ ነው፤ በተሰበረ ጊዜ ግን ስብርባሪው ከዘይቱ ጋራ ገብቶ ሞተሩን በሙሉ ያጠፋዋል። በዚህም ፍርሃት የተነሣ ይህ ዐይነት ከወንድሞቹ ሁሉ ረክሶ ብዙ ዘመን ተሸጠ። (ቱርቦና ጂቲ3 የተባሉት ሌላ ሞተር ስላላቸው ይህ ነገር አይነካቸውም።) እንግዲህ በዚህ መኪና ላይ ሌሎች ሠሪዎች አጠንክረው ያወጡት ኩሽኔታ መግባቱ ለሻጩ መመኪያ ነው፤ ደረሰኝ ካለው ብቻ። ደረሰኝ የሌለው ሻጭ የሚናገረውን እኛ ብንሆን አንሰማውም።

ኩሽኔታውን ለማግኘት ካምቢዮው መውረድ አለበትና የእጅ ዋጋው ይከብዳል። ፍሪሲዮኑ በሚለወጥበት ቀን አብሮ ቢሠራ ግን ቤተ ሰቡ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይድናል።

አሁን ወደ እመቤቲቱ እንመለስ። ባል በድንገት ቢሞት መኪናውን የምትሸጠው እርስዋ ናት። በዕቃ ቤት ጥግ አቧራ የለበሰው ሣጥን የመኪናው የቀድሞ ቸርኬና መሪ እንደ ሆነ ሳይነገራት፤ ቤት ሲጸዳ ለቍራሌው በጥቂት ሳንቲም ትሰጠዋለች፤ ገዢውም በማግሥቱ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቃት ስለዚያው ሣጥን ነው።