ለውጡ ከግዥ ክፍል ይጀምር

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ደግ ሥራ ነው። ሆኖም ስስ ፌስታል ላይ ገደብ ሲጣል ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውንና የማይበሰብሰውን ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስመጣት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። ፌስታሉ ግን ከየሱቁ አልጠፋም። በመሥሪያ ቤቶቻችን የተጀመረው አካባቢን የመጠበቅ ለውጥም ወረቀት ላይ እንዳይቀር እሰጋለሁ።

የስብሰባ አዳራሾቻችንን እንመልከት። በየወንበሩ ፊት የታሸገ ውሃ ይደረደራል፤ ብዙው ሰው አንድ ሁለቴ ተጎንጭቶለት ይወጣል። የጽዳት ሠራተኛዋ የተረፈውን ውሃ ደፍታ ባዶውን ፕላስቲክ በማዳበሪያ ትሰበስባለች። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ምን እንደሚባክን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዕቅድ ሲወጣ ግን የሚጠራት የለም።

የጃፓኑ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ካይዘን ወደ አገራችን ሲገባ ያስተማረን ይህንኑ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። መሠረቱ ማሻሻያው ሥራውን ከሚሠራው ሰው እንዲመነጭ ነው። ከካይዘን እርምጃዎች ማጣራት፣ ማስቀመጥና ማጽዳት በአንድ ሳምንት ዘመቻ ይሠራሉ፤ መደርደሪያው ይስተካከላል፣ ፎቶ ይነሣል። ማላመድና ማዝለቅ ግን የአመራሩ ልማድ ካልተለወጠ አይመጡም። የካይዘን አስተባባሪው ሲዛወር ቡድኑም ይበተናል።

ይህ የሚሆነው ሠራተኛው ለውጥ ጠልቶ አይደለም። ቢፒአርን፣ ቢኤስሲንና የለውጥ ሠራዊትን የመሳሰሉ የለውጥ ፕሮግራሞችን አሳልፏል፤ በየጊዜው ሥልጠና ወስዶ ቅጽ ሞልቷል። አዲስ ነገር ሲመጣ «ይሄም ያልፋል» ቢል አልፈርድበትም። እምነቱን የሚመልሰው በየቀኑ ሥራው ላይ የሚያየው ነገር ብቻ ነው።

ስለዚህ ከግዥ እንጀምር። የታሸገ ውሃ፣ ወረቀትና የማተሚያ ቀለም በዓመት ስንት ብር እንደሚወስዱ ለሠራተኛው በግልጽ ይነገር። በታሸገው ፈንታ የተጣራ ውሃ በጆግና በብርጭቆ ይቅረብ። ማተሚያው በወረቀቱ ሁለት ገጽ እንዲያትም ይስተካከል፤ ይህ የደቂቃ ሥራ ነው። ብርጭቆ ሲመጣ ግን ማጠብም ይመጣል፤ ያ ጫና በጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ዝም ብሎ ከተጨመረ ለውጡን የምትጠላው መጀመሪያ እሷ ናት፤ እውነትም አላት። ሰዓቷ ተቆጥሮ ወይ ረዳት ይመደብላት፣ ወይ ክፍያዋ ይስተካከል።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ ከማጽደቃችሁ በፊት የጽዳትና የንብረት ክፍል ሠራተኞችን ጠርታችሁ አዳምጡ፤ ያሉትንም በበጀቱ ውስጥ አስገቡት።