ፋብሪካ ያረጋው ዘይትና የልባችን ጤና

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ልብ ሕመም ሲነሣ ግን ይህን ምክር የምንሰጠው ለተመጋቢው ብቻ ነው፤ «ቅባት ቀንስ፤ ምግብህን ምረጥ» እንለዋለን። ምክሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን በዐይን የማይታየውን ነገር ማን መርጦ ሊተወው ይችላል? በእኔ አስተያየት፣ ትራንስ ፋት የተባለውን ቅባት ከምግብ የማስወገዱ ግዴታ የፋብሪካና የሕግ እንጂ የእናቶቻችን ብቻ ሊሆን አይገባም።

ይህ ቅባት የሚፈጠርበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። ፈሳሽ የአትክልት ዘይት ይሞቅና በኒኬል አማካይነት ሃይድሮጅን ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ ዘይቱ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ቶሎም አይበላሽም፤ ስለዚህ ለብስኩት፣ ለኬክና ለመጥበሻ ይፈለጋል። ሃይድሮጅኑ በከፊል ብቻ የተጨመረ እንደ ሆነ ግን ትራንስ ፋት ይፈጠራል። ይኸውም በደማችን ውስጥ ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጠቃሚውን ዝቅ ስለሚያደርግ የልብን የደም ሥሮች ለሕመም ያጋልጣል።

የረጋ ዘይት ሁሉ ትራንስ ፋት አለበት ማለት አይደለም፤ የፓልም ዘይት በተፈጥሮው ይረጋልና። በብስኩት ውስጥ ገብቶ የተጋገረውንማ በመቅመስ የሚለየው የለም። ባለጸጋ ውድ ዘይት መርጦ ይገዛ ይሆናል፤ ድኻ ግን ርካሹን ያነሣል። በጾም ወራት የላም ቅቤ ትታ የአትክልት ቅቤ የምትገዛ እናት ጣሳውን ብታገላብጥ ጽሕፈቱ ካልነገራት በምን ታውቃለች?

የሌሎች አገሮች ታሪክ ያስተምረናል፤ ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ፍሬድ ኩመሮ የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ ሊቅ በ1957 ይህ ቅባት በሰው ሰውነት ውስጥ እንደሚገኝ ጽፈው አሳወቁ። ለብዙ ዘመን ሲከራከሩ ኖረው በ2013፣ በ98 ዓመታቸው፣ የአገሪቱን የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ከሰሱ። በ2015 መሥሪያ ቤቱ በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት ከምግብ እንዲወጣ ወሰነ። ከጽሑፋቸው እስከ ውሳኔው 58 ዓመት መሆኑ ነው!

ዴንማርክ ግን በ2003 ከ100 ግራም ቅባት ውስጥ ከ2 ግራም የበለጠ የፋብሪካ ትራንስ ፋት እንዳይገኝ በሕግ ከለከለች። «ሕጉ ምግባችንን ያሳጣናል» ለሚሉ መልሱ እዚያ ይገኛል። ዴንማርኮች ኬካቸውን አልተዉም፤ ፋብሪካዎቻቸው ዘይታቸውን ለወጡ እንጂ። በ2018ም የዓለም የጤና ድርጅት አገሮች ሁሉ ይህን ቅባት እንዲያስወግዱ ጥሪ አደረገ።

ሕግ መጻፍ ብቻውንም አይበቃም። ዘይቱን የሚመረምር ላቦራቶሪ፣ የማያዳላ ተቆጣጣሪና እውነቱን በግልጽ ቋንቋ የሚናገር የዕቃ ላይ ጽሕፈት ያስፈልጋል። እስከዚያው እኛ ተማሪዎች በቤታችን ጣሳውን እናንብብ፤ «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት» የሚል ብናይ ለወላጆቻችን ትርጉሙን እናስረዳ። ማንበብ የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለምና።