አምስት ሚሊዮን ኮደሮች፣ ስንቃቸውስ?

ከጃናሞራ ተነስቶ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ ስንቁን ሳይቋጥር ከቤቱ አይወጣም። ለወጣቱ የሚሰጠው የሶፍትዌር ሥልጠና ግን ስንቅ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ኔት ሁልጊዜ አለ ብሎ ነው የሚነሳው።

ዛሬ አብዛኛው የዌብ አፕሊኬሽን የሚጀመረው በኮማንድ ላይን ነው። ጥቁሩ መስኮት ላይ አንድ መስመር ይጻፋል፤ ኤንፒኤም ወይም ኮምፖዘር የተባለው መሣሪያ የፕሮጀክቱን ፋይሎች ያሰናዳል፣ ሌሎች የጻፏቸውን፣ አንዳንዴ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቅሎችም ከውጭ ሰርቨር ያወርዳል። ኔት ከሌለ ሥራው እዚያው ይቆማል። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ሌፍት ፓድ የምትባል የ11 መስመር ኮድ ባለቤቷ ከኤንፒኤም ስላነሳት ብቻ በዓለም ዙሪያ ስንትና ስንት ፕሮጀክት አልገነባም ብሎ ነበር። እሷ በሰዓታት ውስጥ ተመለሰች። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተቋረጠው የሞባይል ዳታ ግን ለወራት አልተመለሰም።

ልክ በዓመቱ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ንቅናቄ ጀመረ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ትምህርቱ የሚሰጠው በኢንተርኔት፣ ሰርቲፊኬቱም የሚገኘው በኢንተርኔት ነው።

«መፍትሔው ኔት አለመዝጋት ነው» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ያ ጥያቄ መነሳቱን መቀጠል አለበት። ኔት ባይዘጋም ግን የዳታ ዋጋ አለ። እነዚህ ጥቅሎች የሚከማቹበት ፎልደር በመቶዎች ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል (የሙያው ሰዎች በዓለም ላይ እንደሱ የከበደ ነገር የለም እያሉ ይቀልዱበታል)። በአንድ ክፍል ያሉ አርባ ተማሪዎች ያንኑ አርባ ጊዜ ማውረዳቸው ምን ይባላል?

የሚያስቆጨው፣ ስንቁ የሚቋጠርበት መንገድ መሣሪያዎቹ ውስጥ መኖሩ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው ጊት የፕሮጀክቱን ሙሉ ታሪክ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል፤ ለዕለት ሥራው ኔት አይጠይቅም። ኤንፒኤምም አንዴ ያወረደውን ያስቀምጣል፣ ያለ ኔት እንዲሠራም ሊታዘዝ ይችላል። ቬርዳቺዮ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ደግሞ አለ፦ በግቢው አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን፣ አንዱ ተማሪ ያወረደውን ጥቅል ይዞ ለሌላው ሁሉ በውስጥ ኔትወርክ ያድላል። ከዚህ በፊት ያልወረደውን አይሰጥም፤ ስለዚህ ኔት ባለበት ቀን አስቦ የሚሞላው፣ የደኅንነት ማሻሻያዎችንም የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ከባዱ ይህ ነው፤ ማሽኑማ ያገለገለ ኮምፒውተርም ይሆናል።

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ቅርብ ነው፣ ጎንደርም ሩቅ አይደለም። የንቅናቄው አስተባባሪዎችም ስንት ሰርቲፊኬት ተሰጠ ከሚለው ቁጥር ጎን አንድ ሌላ ቁጥር ቢጨምሩ ጥሩ ነው፦ ከሠልጣኞቹ ስንቱ ዳታው በጠፋበት ሳምንት ፕሮጀክቱን ከፍቶ መሥራት ቻለ?