ባዶውን ቦታ ተዉልን

ዛሬ የማነሣው ነገር ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ቅጽ ሲሞላ ባዶ ስለሚቀረው ቦታ ነው። ኮምፒውተር ላይ ቅጽ የሞላ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዷን ቦታ ዘሎ ‹‹ላክ›› የሚለውን ሲጫን ቀይ ጽሑፍ ብቅ ይላል፦ ‹‹ይህ ቦታ የግድ መሞላት አለበት››። እሺ፣ የማይታወቅ ከሆነስ? ጭራሽ የሌለ ከሆነስ? የኔ አቋም ይኸውና፦ ‹‹አላውቅም›› እና ‹‹የለኝም›› የሚሉትን መልሶች የማይቀበል ቅጽ ሰውን በግድ ያስዋሻል።

ከእኛው አገር እንጀምር። ዳባት፣ ደባርቅ ወይም ጃናሞራ ገጠር ወርዳችሁ አንዲትን እናት ‹‹ልጅዎ መቼ ተወለደ?›› ብትሏቸው ‹‹በኅዳር ሚካኤል፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ›› ሊሏችሁ ይችላሉ። ኅዳር 12 ማለታቸው ነው፤ ቀኑም ወሩም ቁልጭ ብሎ አለ። የሚያጠራጥረው ዓመቱ ብቻ ነው። ልደት በአገር አቀፍ ደረጃ በወሳኝ ኩነት መዝገብ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነውና ከዚያ በፊት የተወለደ ብዙ የገጠር ሰው ወረቀት ባይኖረው አይገርምም። ቅጹ ግን ሦስቱም አንድ ላይ ካልተሞሉ አላሳልፍም ይላል። ታዲያ ሞይው ምን ያድርግ? መስከረም 1 ብሎ ዓመቱን በግምት ይጥልበታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እርግጠኛው ኅዳር 12 ይጠፋና የተፈጠረው መስከረም 1 ‹‹መረጃ›› ተብሎ ይቀመጣል። የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ፤ አሜሪካ በስደት ከገቡት መካከልም ትክክለኛ ቀናቸው ስላልታወቀ ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበላቸው ብዙ ናቸው።

ጣጣው የሚመጣው ኋላ ነው። መታወቂያው ላይ አንድ ግምት፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ ሌላ ግምት ይገኛል። ሁለቱ ሲመሳከሩ ‹‹አይገጥምም›› ተብሎ የሚመለሰውና የሚጉላላው ባለጉዳዩ ነው እንጂ ቅጹን ያዘጋጀው ሰውዬ አይደለም።

የወረቀቱ ዘመን እንኳ ለዚህ መላ ነበረው። ቤቱ ቁጥር ያልተሰጠው ሰው ሲመጣ ጸሐፊው ‹‹የቤት ቁጥር፦ አዲስ›› ብሎ ይጽፋል፤ እስከ ዛሬም ይጻፋል። ቁጥር ብቻ የሚቀበል የኮምፒውተር ቦታ ግን ‹‹አዲስ››ን አያውቅም፤ ስለዚህ 0000 ይገባለታል። ፒያሳ አካባቢ ባሉ ኢንተርኔት ቤቶችም ያየሁት ይህንኑ ነው። ኢሜይል ለሌላቸው ሽማግሌ ቅጽ የሚሞላው ልጅ የራሱን ኢሜይል ያስገባል፤ ሌላ ምን ያድርግ? መልሱ ሲመጣ ግን የሚሄደው ለልጁ ነው፣ ሽማግሌው ደግሞ አገራቸው ገብተዋል።

‹‹የግድ ይሞላ›› የሚለው ቁጥጥር ደግሞ እውነትን አያረጋግጥም። የጽሑፍ ቦታ ላይ ስፔስ የምትባለዋን ቁልፍ አንዴ ብትመቷት የብራውዘሩ መደበኛ ቁጥጥር ‹‹ተሞልቷል›› ብሎ ያሳልፋችኋል። ነጥብ ብታስቀምጡም ያው ነው። የሚቸገረው እንግዲህ ሐቀኛው ሰው ብቻ ነው ማለት ነው።

ከጀርባ ያለው አሠራርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ‹‹ስንት ከብት አለዎት?›› የሚል ጥያቄ አለ እንበል። በጃቫስክሪፕት ባዶ ጽሑፍ ወደ ቁጥር ሲለወጥ 0 ይሆናል፤ ጥያቄውን ዝም ብሎ ያለፈው ገበሬ ከብት የለውም ተብሎ ይመዘገባል። በፒኤችፒ ደግሞ ‹‹ባዶ ነው ወይ?›› የሚለው ትእዛዝ 0ንም ባዶ ነው ስለሚል፣ ከብት እንደሌለው በእውነት 0 ብሎ የጻፈው ሰው ‹‹አልሞላህም›› ሊባል ይችላል። ዳታቤዝ ላልታወቀ ነገር ‹‹ነል›› የሚባል ምልክት አለው፤ እሱም ቢሆን ብቻውን ሰውዬው አያውቅ ይሁን፣ የለው ይሁን፣ ወይስ መናገር አልፈልግ ብሎ ይሁን አይነግረንም። ሦስቱ እኮ የተለያዩ መልሶች ናቸው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. መረጃው የተሰበሰበው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ሴቶችን የተወለዱበትን ወርና ዓመት ለየብቻ ነው የሚጠይቀው። ወሩን ለማያውቁ 98፣ ዓመቱን ለማያውቁ 9998 የሚል የራሱ ኮድ አለው። በህንድ አድሃር የተባለው መታወቂያም ቀኑ ላልታወቀ ሰው የትውልድ ዓመቱን ብቻ አትሞ ሰጥቷል። አገልግሎቱም አልፈረሰም።

‹‹ባዶ ከተፈቀደ ሁሉም ሰነፍ ዘሎት ይሄዳል›› የሚሉ አይጠፉም። ከፊል እውነት አላቸው። ገንዘብ የሚያስተላልፍ ሰው የሒሳብ ቁጥር ሳይሞላ ይለፍ የሚል የለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቦታ ይጠየቅ፦ ይህ ባይሞላ ሥራው በእርግጥ ይቆማል? የማይቆም ከሆነ ‹‹አላውቅም››፣ ‹‹የለኝም›› የሚሉ ምርጫዎች ጎኑ ይቀመጡ። ሰውዬው አንዱን መርጦ ይጫን፤ ያኔ የሰነፉ ዝምታና የሐቀኛው መልስ ይለያያሉ። ቀን፣ ወርና ዓመትም ተነጣጥለው ይቀመጡ፣ በግምት የገባውም ግምት መሆኑ ይጻፍበት።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህ አዲስ ሊሆንብን አይገባም። የሰውየውን ዕድሜ ካላወቅን አንጽፍም፤ ባለሥልጣኑ መልስ ካልሰጠ ‹‹መልስ አልሰጡም›› እንላለን እንጂ መልስ አንፈጥርለትም። ዜናችን ቦታው እንዳይጎድል ብሎ ቁጥር የሚፈበርክ ሪፖርተር ቢገኝ መምህራኖቻችን ምን እንደሚሉት እናውቃለን። ታዲያ በሪፖርተር የምንኮንነውን በቅጽ ላይ ለምን ግዴታ እናደርገዋለን? ነገ ከነዚህ ቅጾች የሚወጣውን አኃዝ ተቀብለን ‹‹በመረጃው መሠረት›› ብለን የምንዘግበው እኛው ነን። በግቢያችን ቅጽ የምትሠሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ቀዩን ጽሑፍ ከማስቀመጣችሁ በፊት አደራ፣ በኅዳር ሚካኤል የወለዱትን እናት አስቧቸው።