የቬራክሩዝ ዓሣ ለፍስክ እራት

የሜክሲኮ የባሕር ምግብ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት በሚጥሚጣ ዐይነት ቅመም የተጠበሰውን ሽሪምፕ ነው። በሩብ ሰዓት ስለሚደርስ ከሥራ ተመልሳ እራት ለምታሰናዳ እመቤት ያጓጓል። ነገር ግን ሽሪምፕ ክንፍም ቅርፊትም የለውም፤ ስለዚህ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተነገረውን ጠብቀው በኖሩት በአገራችን ክርስቲያኖች ማእድ ላይ ስፍራ አላገኘም። ልጆች ስሙን ከባልንጀሮቻቸው ሰምተው ሲጠይቁ ምክንያቱን ገልጦ መንገር ይገባል እንጂ በደፈናው «አይበላም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። መልሱም ክልከላ ብቻ እንዳይሆን፥ ከዚያው አገር የተገኘ፥ ቅርፊት ባለው ዓሣ የሚሠራ መልካም ምግብ አለ።

ይህም የቬራክሩዝ ዓሣ ይባላል። ቬራክሩዝ በሜክሲኮ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለ ወደብ ነው፤ ስሙም በእስፓንኛ «እውነተኛ መስቀል» ማለት ነው። ኤርናን ኮርቴስ በ1519 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከዚያ ዳርቻ የወረደው በስቅለት ዓርብ ነበርና። በድስቱ ውስጥም ሁለት ዓለም ይገናኛል፤ ቲማቲሙና ቃሪያው የአሜሪካ ምድር ተወላጆች ሲሆኑ፥ የወይራው ፍሬ፥ ዘይቱና ነጭ ሽንኩርቱ ከእስፓንያ በመርከብ የመጡ ናቸው። (የእኛም በርበሬ ዘሩ ከዚያው ከአሜሪካ ምድር መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን?)

ለአምስት ሰው አንድ ኪሎ የተጠረገ ቆሮሶ ይበቃል። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ለዚህ አይሆንም። በአሜሪካ የሚኖሩ እኅቶቻችን የሜክሲኮ ሰዎች ራሳቸው የሚመርጡትን፥ ሁዋቺናንጎ የተባለውን ቀይ ዓሣ ቢያገኙ የተሻለ ነው። ዓሣውን በጨውና በአንድ ሎሚ ጭማቂ አሽታችሁ ዐሥር ደቂቃ አቆዩት፤ ሩዙንም በዚያው ጊዜ ጣዱት። በሦስት ማንኪያ የወይራ ዘይት አንድ ትልቅ ሽንኩርት በቀጭኑ ሰንጥቃችሁ አቁላሉ፤ ከለሰለሰ ይበቃዋል። ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፥ ቀጥሎም ግማሽ ኪሎ የበሰለ ቲማቲም በደቃቁ ከትፋችሁ ጨምሩ። ተንተክትኮ ውኃው ሲቀንስ ዐሥራ ሁለት የወይራ ፍሬ፥ ሁለት በቁመቱ የተሰነጠቀ ቃሪያና ቁንጥር ኦሬጋኖ ይግባበት፤ ኦሬጋኖ ከጠፋ ጦስኝ ይተካዋል። የወይራው ፍሬ በጨው ውኃ የሚቀመጥ ስለሆነ፥ ጨው ከመጨመር በፊት ቅመሱት።

በርበሬ እንዳይጨመር አደራ። ያን ጊዜ የሚወጣው የዓሣ ወጥ ነው፤ እርሱም መልካም ነው፥ ግን ሌላ ነው።

ዓሣውን በቲማቲሙ ላይ አጋድማችሁ፥ ከድናችሁ፥ በዝግታ እሳት ስምንት ደቂቃ ያህል አብስሉ። አታማስሉት፤ ይፈራርሳል። ሥጋው ነጥቶ በሹካ ሲነኩት ከተላቀቀ ደርሷል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይደርቃል።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር እንጨምር። የሜክሲኮ ካቶሊካውያን በዐቢይ ጾማቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋን ትተው ዓሣ ይበላሉ፤ እንዲህ ያለውንም ምግብ ከጾም ምግብ ይቈጥሩታል። በአንድ የምግብ መጽሐፍ «የጾም» ተብሎ ብታገኙት በዚያ አትመሩ፤ በእኛ ዘንድ ዐቢይ ጾም ከዓሣም የሚከለከሉበት ነው። ስለ ሌሎቹ አጽዋማት በቤት ውስጥ ክርክር ቢነሣ የንስሐ አባትን መጠየቅ ይሻላል። እኛ ያቀረብነው ለፍስክ ማታ ነው።

ዓሣው አልቆ ቲማቲሙ ቢተርፍ፥ ማግሥቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልሆነ፥ ጧት አሙቃችሁ ሁለት ሦስት እንቁላል ስበሩበት።