የሕንፃ ደንብና የነጋዴው ገበያ

ቤት የሚወደደው ሲሚንቶና ብረት ስለ ተወደደ ብቻ አይደለም። ደንብም ያስወድደዋል። የቦታው ስፋት፣ የፎቁ ቁጥርና የመኪና ማቆሚያው መጠን በደንብ ሲወሰን፣ ገና መሠረት ሳይቆፈር የቤቱ ዋጋ ከፊሉ ተቈርጦ ያልቃል።

ለዚህ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ያለችው የንግድ ከተማ ሂውስተን ምስክር ናት። በዚያ ለአንድ ቤት የሚያስፈልገው ቦታ በተለምዶ ከ5,000 ካሬ ጫማ፣ ማለት ከ465 ካሬ ሜትር እንዳያንስ ተደንግጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በመካከለኛው የከተማ ክፍል፣ ሁኔታው ከተሟላ፣ እስከ 1,400 ካሬ ጫማ ወይም 130 ካሬ ሜትር ዝቅ እንዲል ተፈቀደ፤ በ2013ም ፈቃዱ ወደ ቀረው የከተማው ክፍል ተዘረጋ። አንድ አሮጌ ቤት በነበረበት ቦታ ሦስት አዳዲስ ቤቶች ይቆሙ ጀመር። ብዙ ቤት የሚያወጣ ቦታ ለባለቤቱ አይረክስም፤ ገዢውም የሚከፍለው የመሬቱን ሲሶ ብቻ ነው። ሰፈራቸው እንዳይለወጥ ለሚሹም በየመንደራቸው ተስማምተው የቀድሞውን ስፋት የሚያስጠብቁበት በር ተትቶላቸዋል።

በአዲስ አበባ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ የከተማ ቦታ የግል ሀብት መሆኑ ቀርቷል። ባለይዞታው የሚሸጠው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። ስለዚህ የይዞታው ዋጋ የሚመዘነው በላዩ እንዲሠራ በተፈቀደው ሕንፃ ነው። ትንሽ ባለሱቅ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ፎቅ ካልሠራህ ቢባል፣ ቦታው ባለገንዘብ እጅ ከመግባት በቀር ሌላ ዕድል የለውም።

ደንብ ይቅር የሚል አስተዋይ ሰው አይገኝም። እሳትን፣ መደርመስንና የፍሳሽን ጉዳት የሚከለክለው ድንጋጌ ሕይወት ነውና ይጽና። ነገር ግን ስፋትንና መልክን የሚያዝዘው ከዚህ ተለይቶ ይመርመር።

ቤት የሚያከራይ ነጋዴ በኪራይ መናር ደስ ይለው ይሆናል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ለኪራይ የሄደ ደመወዝ ወደ ሱቅ አይመለስም፤ ሠራተኛውም ኪራዩን ለመክፈል የደመወዝ ጭማሪ ይጠይቃል። ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቶች አዲስ የሕንፃ ደንብ ሲረቀቅ በአንድ ቤት ላይ ስንት ብር እንደሚጨምር ተሰልቶ ከረቂቁ ጋር እንዲቀርብ መጠየቅ ይገባቸዋል።