ሁለት ፓስፖርትና አንድ ጠመንጃ

ዜግነት በመንግሥትና በግለሰብ መካከል የተመሠረተ የመብትና የግዴታ ትስስር መሆኑ ይታወቃል። ይህ ትስስር በዘወትር ኑሮ፣ በመሥሪያ ቤትና በገበያ፣ እምብዛም አይፈተንም። የሚፈተነው ሰው ድንበር ሲሻገር፣ መሣሪያ ሲይዝና ከአገር ሀብት ቆርሶ ሊወስድ ሲነሣ ነው። ከአገር አገር እየዞረ የሚያድን ሰው ሦስቱንም በአንድ ጉዞ ይፈጽማል። ስለሆነም የጥምር ዜግነትን ጉዳይ በደፈናው ከመከራከር ይልቅ በዚህ ሰው ሁኔታ መመርመሩ፣ ጥያቄውን ከስሜት አውጥቶ ከተጨባጩ ዓለም ጋር ያገናኘዋል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ካዛንቺስ ከአንድ ቡና ቤት ውስጥ የተደረገ ጭውውት ነው። በውጭ አገር ትምህርት ላይ በነበርኩበት ጊዜ የማውቀው፣ ትምህርቱን ጨርሶ እዚያው የቀረና የዚያን አገር ዜግነት የተቀበለ ወዳጄ ለዕረፍት መጥቶ ነበር። አባቱ በወጣትነታቸው አዳኝ እንደነበሩ፣ እርሱም በሚኖርበት አገር አደን እንደለመደ ካጫወተኝ በኋላ፣ ወደ ባሌ ወጥቶ የደጋ አጋዘን ለማደን እንደሚያስብ ነገረኝ። ቀጥሎም፣ «ጥምር ዜግነት ተፈቅዶ ቢሆን ኖሮ እንደ ፈረንጅ በዶላር ከፍዬ ሳይሆን እንደ አገሬ ሰው ባደንኩ ነበር» አለ። አጠገባችን ተቀምጠው ቡናቸውን ይጠጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ይህን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ያገሬ ሰው የምትለው የባሌው ገበሬ እርሱስ ያድናል?» ሲሉ ጠየቁት። ወዳጄ ለጊዜው መልስ አላገኘም።

ጭውውቱ የተደረገበት ሰፈር ራሱ ለጉዳዩ ምስክር ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው፣ በወረራው ዘመን የጣልያን መንግሥት ለሲቪል ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች መጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በወጣው የቅኝ ግዛት ሕግ መሠረት፣ በእነዚያ ቤቶች የሚኖረው ጣልያናዊ «ዜጋ» ሲባል የአገሩ ባለቤት ኢትዮጵያዊ ግን «ተገዢ» ተባለ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰማይ ሥር፣ ሁለት ዓይነት ሰው ተፈጠረ ማለት ነው። የሰፈሩ ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ሲባል ፈርሷል፤ ስሙና ስሙ የተሸከመው ትምህርት ግን አልፈረሱም።

ከወረራው በፊትም ቢሆን የውጭ ፓስፖርት በአዲስ አበባ ጋሻ ሆኖ ያገለገለበት ዘመን ነበር። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በመልእክተኛው ስም የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለው ስምምነት፣ የፈረንሳይ ዜጎችና በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ በቆንስላቸው እንዲዳኙ ፈቀደ። ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰሱም ቆንስሉ ከኢትዮጵያዊው ዳኛ ጎን እንዲቀመጥ አደረገ። የሌሎች መንግሥታት ሰዎችም በዚሁ መንገድ ገብተው ተጠቀሙ። በዚህም ምክንያት በከተማዋ የሚነግድ ሰው የአንድ ቆንስላ ጥበቃ ማግኘቱ ከሸቀጡ የማይተናነስ ሀብት ሆነ፤ በትርፉ ጊዜ የአገሬው ጎረቤት፣ በክሱ ጊዜ ግን የባዕድ መንግሥት ሰው ነበርና።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን በደቡብ ምሥራቅ ደጋችን አንድ አጋዘን ገደለ። የእንስሳው ቆዳና ቀንድ ወደ ለንደን ሄዶ ከሁለት ዓመት በኋላ በሳይንስ መዝገብ ሲገባ የአዳኙን ስም እንዲሸከም ተደረገ። በባሌና በአርሲ ደጋ የሚኖረው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን፣ ዛሬም በሳይንሳዊ መጠሪያው የዚያ መንገደኛ አዳኝ ስም ተለጥፎበት ይኖራል። ውሉና ጥይቱ በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው፤ ከአንድ የኃይል ሚዛን መመንጨታቸው ግን አጋጣሚ አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕጋችን የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚያጣ ደንግጎ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 378ም ይህንኑ መስመር ተከትሎ፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቈጥረዋል። በሌላ በኩል፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን ሊገፈፍ እንደማይችል ይናገራል። የኑሮ አስገዳጅነት የሌላ አገር ወረቀት ያስያዘው ሰው በእውነት አገሩን በፈቃዱ ትቷልን? የጥምር ዜግነት ደጋፊዎች ክርክር የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ክርክሩም በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ለዚህ ችግር በመካከል የተበጀው መፍትሔ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ነው። በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው መታወቂያ የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ በኢንቨስትመንትም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይታያል። አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት የፖለቲካ መሥሪያ ቤቶችም በቋሚነት አይቀጠርም። እንግዲህ ወዳጄ ከቦሌ ያለ ቪዛ ለመውጣት ሁለተኛ ዜግነት አያሻውም። ይህ ካርድ ይበቃዋል።

ታዲያ ጥምር ዜግነት ለመንገደኛ አዳኝ ምን ይጨምርለታል? ጥቅሙን በቅንነት እንቍጠር። አንደኛ፣ አንዱ በር ሲዘጋ በሌላው ይገባል፤ በአንዱ ፓስፖርት ለወራት ቪዛ የሚጠበቅበት አገር በሌላው በዕለቱ ይከፈታል። ሁለተኛ፣ ጠመንጃውን ይዞ ሲመላለስ የዜጋ መብት ይጠቅመዋል። ለምሳሌ አሜሪካዊ ዜጋ ጠመንጃውን ከመውጣቱ በፊት በጉምሩክ አስመዝግቦ በዚያው ወረቀት መልሶ ያስገባል፤ በጊዜያዊ ቪዛ የሚገባ የውጭ ሰው ግን አስቀድሞ የመንግሥት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ሦስተኛ፣ ለዜጋና ለውጭ ሰው የተለያየ ዋጋ በተተመነበት ሁሉ፣ ለምሳሌ በብሔራዊ ፓርኮቻችን መግቢያ፣ አነስተኛውን ዋጋ ይከፍላል። አራተኛው፣ ከሁሉም የሚልቀው፣ ልጆቹ ከአያታቸው አገር ጋር ያላቸው ሕጋዊ ትስስር አይቋረጥም።

ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ ጭልጥ ብሎ ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ1930 በሄግ የተፈረመው የዜግነት ስምምነት፣ አንድ መንግሥት ለዜጋው፣ ያ ሰው ዜግነቱን በያዘበት በሌላው መንግሥት ላይ ዲፕሎማሲያዊ ጥበቃ ሊያደርግለት እንደማይችል ደንግጓል። አንዳንድ መንግሥታት ይህን ደንብ በጊዜ ብዛት ቢያላሉትም መሠረተ ሐሳቡ አልጠፋም። በውጭ ፓስፖርቱ ብቻ የመጣ አዳኝ በመሣሪያ ወይም ከፈቃድ ውጭ በመግደል ቢከሰስ ቆንስሉ ይጎበኘዋል። ጥምር ዜጋው ግን በሕግ ፊት ኢትዮጵያዊ ነውና የሌላውን መንግሥት ከለላ በልበ ሙሉነት ሊጠይቅ አይችልም። እንዲሁም የሁለት አገር ሰው የሁለት አገር ባለዕዳ ነው፤ አሜሪካ ዜጋዋን የትም ቢኖር ገቢውን እንዲያስታውቅ ታስገድደዋለች፤ ብሔራዊ ውትድርና ያለባቸው አገሮችም ዜጋቸውን በሌላ ፓስፖርቱ ምክንያት አይለቁትም። በመንገድ ላይም ሌላ ጣጣ አለ፤ የአደን ፈቃዱ በአንዱ ፓስፖርት ቁጥር፣ የጠመንጃው ወረቀት በሌላው ተጽፎ ከተገኘ፣ የስሙም አጻጻፍ ከተለያየ፣ ሁለቱ ወረቀቶች ተደጋግፈው በመቆም ፈንታ እርስ በርሳቸው ይካሰሳሉ።

ከዚህም በላይ፣ በአደን ጉዳይ ብዙው ደንብ የሚመለከተው የአዳኙን ዜግነት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መሣሪያ ይዞ ለመዘዋወር የሚሰጠው ፓስ የሚገኘው በመኖሪያ አገር ነው። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የገባችበትና ሳይተስ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነትም ለግል ዕቃ ስለሚደረገው ልዩ አስተያየት ሲናገር የሚመዝነው የሰውየውን መደበኛ መኖሪያ ነው። ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው እንስሳት አንዱ ነብር ነው። በ2015 ዓ.ም. ፓናማ ላይ በተደረገው ጉባኤ ለኢትዮጵያ በዓመት ተፈቅዶ የነበረው የ500 ነብር ኮታ ወደ 20 ወርዷል። ሁለት ፓስፖርት የያዘ ሰው ሃያ አንደኛውን ነብር አያገኝም። አንድ ነብር ሁለት ጊዜ አይሞትም፤ ሁለት ዜግነትም የለውም።

ጎረቤቶቻችንን ብናይ ይኸው ይረጋገጣል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ከለከለች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ደግሞ ጥምር ዜግነትን ፈቀደች። ታንዛኒያ በተቃራኒው አደንን ፈቅዳ ጥምር ዜግነትን ሳትቀበል ኖራለች። ኬንያዊው ባለ ሁለት ፓስፖርት በአገሩ የሚያድነው የለም፤ በታንዛኒያ የሚያድነው እንግዳም ታንዛኒያዊ መሆን አላስፈለገውም። እንግዲህ አደኑን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሌላ ቁልፍ ነው፤ ፓስፖርት የሚወስነው ሰውየው በየትኛው ሕግ ፊት እንደሚቆም ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንደርሳለን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ እንዳያድን ይከለክላል። የደጋ አጋዘን የማደን ፈቃድ የሚገኘው ደግሞ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው። በደጋው የሚኖረው ገበሬ ኢትዮጵያዊነቱን ማንም አይጠራጠርም፤ አንድ ፓስፖርት እንኳ የለው ይሆናል። ነገር ግን አጋዘኑ የሚሰማራው እርሱ በሚያርስበትና ከብቱን በሚያሰማራበት አካባቢ ነው፤ ጫካው እንዳይመነጠር የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ አጋዘኑን ቢገድል የሚታሰረውም እርሱ ነው። በመሆኑም «እንደ አገሬ ሰው ላድን» ማለት የአገሬው ሰው ራሱ የሌለውን መብት በአገሬው ሰው ስም መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ ዜግነት ከእኩልነት መሣሪያነት ወደ ቅናሽ ዋጋ ትኬትነት ይወርዳል።

ይህ ማለት ግን ጥምር ዜግነት ይቅር ማለት አይደለም። በስደት የሚኖረው ወገናችን ከእናት አገሩ ጋር ያለውን ትስስር ሕግ በመቀስ ሊቈርጠው አይገባም። ሆኖም በሩ የሚከፈት ከሆነ የሚከፈትበት አኳኋን አስቀድሞ መወሰን አለበት።

በመጀመሪያ፣ ጥምር ዜጋ የሆነ ሰው በኢትዮጵያ ምድር ኢትዮጵያዊ ብቻ ሆኖ ይቈጠር፤ ጠመንጃው በኢትዮጵያ ሕግ ይመዝገብ፣ ክሱም በኢትዮጵያ ዳኛ ፊት ይታይ፤ ቆንስል ከዳኛው ጎን የሚቀመጥበት ዘመን አይመለስም። ሁለተኛ፣ ለአደን ፈቃድ የሚያመለክት ሰው የያዘውን ፓስፖርት ሁሉ ያስታውቅ፤ የደበቀ ፈቃዱን ይጣ። ሦስተኛ፣ የአደን ክፍያ በዜግነት ሳይሆን በመኖሪያ ይተመን፤ ኑሮውን በውጭ የመሠረተ፣ ቢጫ ካርድም ሆነ ሁለት ፓስፖርት ይያዝ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ሙሉውን ይክፈል። አራተኛ፣ ከዚህ ክፍያ የሚገኘው ገንዘብ በቅድሚያ ለአጋዘኑ ጎረቤት፣ ለውኃው፣ ለትምህርት ቤቱና ለጥበቃው ሠራተኛ ይድረስ። ገበሬው አጋዘኑን በሕይወት በማኖሩ ካልተጠቀመ አጋዘኑን የሚያድነው አዋጅ አይገኝም።

ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠሩት ሳንቲሞቻችን ላይ በአምስቱ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ በአሥሩ የደጋ አጋዘን ተቀርጿል። ሁለቱ በአንድ ኪስ ውስጥ እየተጋጩ ኖረዋል። በዚያች የገንዘብ ሥርዓት እንኳ የአጋዘኑ ዋጋ የባለ ጠመንጃው እጥፍ ነው።

ወዳጄ ከመመለሱ በፊት እንደገና ካዛንቺስ ተገናኝተን ነበር። «ባሌ ሄጄ አየሁት፤ ለዘንድሮ ማየቱ በቅቶኛል። ሌላ ጊዜ ካደንኩም እንደ እንግዳ ከፍዬ ነው» አለኝ። ይህ የአንድ ሰው ኅሊና ውሳኔ ነው፤ የአገር ጉዳይ ግን በየሰው ኅሊና ላይ ብቻ ሊጣል አይችልም፤ በሕግ መጻፍ አለበት። ሁለት ዜግነት የሚፈልግ ሁሉ ሁለት እጥፍ ግዴታ ይዞ ይምጣ፤ ያን ጊዜ በሩን ለመክፈት የምንፈራበት ምክንያት አይኖርም።